የሶማሌ ተራው ፓውዛ

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሻጩን ነው። ቀጥሎ መብራቱን የገጠመውን ኤሌክትሪሺያን፣ ከዚያ ደግሞ በዓይኔ አይቻት የማላውቅ አንዲት የሞጆ ሴት። የመጨረሻው ተራ የማን እንደሆነ ባውቅ ኖሮ ከእሱ እጀምር ነበር።

ሰው አላምንም፤ አልደብቅም። መርካቶ ነው ያደግኩት። ወላጆቼ ከወሎ መጥተው በከፈቷት ሱቅ እኔም እስከ ዛሬ ክርና የልብስ ቁልፍ እሸጣለሁ። ሱቋ ከመጥበቧ የተነሳ ገዢ ሲገባ ትንፋሼን ሰብስቤ ነው የማሳልፈው። የቀንድ ቁልፍ ነው ተብሎ የሚመጣልኝን ሁሉ በጥርሴ ነክሼ ካላየሁ አልረከብም፤ አብዛኛው ፕላስቲክ ነዋ! እናቴ፣ አላህ ይርሐማት፣ «አንቺ ልጅ፣ ጥርስሽ ከማለቁ በፊት ይሄ አመልሽ ይለቅሽ» ትለኝ ነበር። ጥርሴም አላለቀም፣ አመሌም አልለቀቀኝም።

ባለቤቴ ሹፌር ነው። የራሳችን የሆነች የጭነት መኪና አለችን። በእሷ ከመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም ይጭናል፤ ሲመሻሽ ይነሳና ጎህ ሳይቀድ አትክልት ተራ ያራግፋል። አትክልት ተራ ያኔ ገና ከቦታው አልተነሳም ነበር። አነዳዱን ማንም ያመሰግንለታል። መግዛት ግን አያውቅም፤ ምን ላድርገው! አንዴ ሱሪ ግዛ ብዬ ብልከው አንዱ እግሩ ከሌላው የሚረዝም ሱሪ ተሸክሞ መጣ። ሻጩ «ፋሽን ነው» ብሎት ነው አሉ። ከዚያ ወዲህ የሱ ልብስ ብቻ ሳይሆን የመኪናዋ ጎማም፣ ባትሪም፣ ሸራም በእኔ እጅ ነው የሚገዛው።

አንድ ጠዋት ፊቱ አመድ መስሎ ገባ። ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እንደዚያ ተቀምጦ አይቼው አላውቅም።

«ምነው? ምን ሆንክ?» አልኩት።

«ጋሪ» አለኝ። «ከመቂ እንደወጣሁ። መብራት የላትም፣ ምን የላትም። ከዳር ነው የወጣችብኝ። ሴትየዋ ልጅ አዝላለች። ፈረሱ ባይሸሽ ኖሮ… ፈረሱ ነው እንጂ ያዳናቸው እኔ አይደለሁም።»

እጁን ያዝኩት። ያቺ ሴት ልጇን አዝላ በአንድ ክንድ ርቀት ማለፏን አሰብኩ። ብቻ «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» እያልኩ ቆየሁ።

«ደክሟል» አለ ቀስ ብሎ።

«ድሮስ!» አልኩት። «ያ መብራት መብራት ነው እንዴ? ሻማ ይሻላል እኮ! አብሽር፣ ዛሬውኑ ፓውዛ እገዛልሃለሁ። ሁለት ፓውዛ ከፊት ይተከልና ጋሪም ሆነ አህያ ከሩቅ ታየዋለህ።»

ዝም አለ። ዝምታውን እሺ ብዬ ወሰድኩት።

ከዚያች ጠዋት ጀምሮ ስልኬ በጨለማ በጮኸ ቁጥር ልቤ ከቦታው ይነሳል። እሱ ገደል ገባ እንዳይሉኝ፣ ይባስ ብሎ ደግሞ ልጅ ያዘለች ሴት ገጨ እንዳይሉኝ። የእኔ ጉዳይ ይሄው ብቻ ነበር፤ መንገዱን የሚያሳየው መብራት ማግኘት። ሌላው ሁሉ አልታየኝም።

እኔ ደግሞ ዝም ብዬ ወደ ገበያ አልሮጥም። መጀመሪያ አትክልት ተራ ሄጄ ሽንኩርት የሚያራግፉ ሹፌሮችን ስለ ፓውዛ ጠየቅኩ። ሁሉም የየራሱን ያወድሳል፤ ግን ከወሬያቸው መሀል የማይለያዩበትን ለቀምኩ። ጥሩ ፓውዛ ከባድ ነው፤ ከኋላው ሙቀቱን የሚያስወጣለት የአሉሚኒየም ክንፍ ስላለው። ፊቱ መስታወት ይሁን እንጂ ፕላስቲክ አይሁን፤ ፕላስቲክ በጠጠር ይጫራል፣ ከርሞም ይደፈርሳል። ዙሪያውን በጎማ ካልታሸገ የክረምት ውሃ ይገባዋል። የሚታሰርበት ብረት ስስ ከሆነ በኮሮኮንቹ ይንቀጠቀጥና ሰማይ ሰማይ ያበራል። ደግሞ ብርሃኑ ሁለት ዓይነት ነው አሉኝ፤ አንዱ ቀጥ ብሎ ሩቅ ይሄዳል፣ ሌላው ግራና ቀኝ ይዘረጋል። እኔ ወዲያው የሚዘረጋውን መረጥኩ። ጋሪዋ ከዳር ነበራ የወጣችው!

የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ገባሁ። እዚያ የሚሄድ ሰው መኪናውን በዓይኑ አስሮ ነው የሚገበያየው። ጠዋት የተፈታብህን ስፖኪዮ ከሰዓት በኋላ አራግፈው፣ ወልውለው፣ «እድለኛ ነህ፣ አንድ ቀርታ ነበር» ብለው ይሸጡልሃል። ስለዚህ ነው ሰው የታርጋ ቁጥሩን መስታወቱ ላይ የሚያስቀርጸው። የእኛም ተቀርጿል፤ ግን የቀኙ ስፖኪዮ በዚያ ዓመት ሁለቴ ተሰብሮ ተለውጧል። ባለቤቴ «ነካክቶት ነው» ይላል። ማን እንደነካካው አይናገርም። እኔ ሌባ ነው ብዬ ደመደምኩ።

የመጀመሪያው ሱቅ ልጅ ገና ሳልገባ «ኦሪጅናል አለ እናት፣ የዱባይ ነው!» አለኝ። አንዱን አንስቼ በእጄ መዘንኩት። ባዶ ቆርቆሮ።

«ይሄ ምኑ ነው ፓውዛ? የልጅ መጫወቻ ነው እንጂ።»

«እናት፣ መብራት እኮ በኪሎ አይሸጥም።»

«ቢሸጥ ኖሮ በነፃ ትሰጠኝ ነበር» ብዬው ወጣሁ።

ከብዙ ዙር በኋላ ጥግ ላይ ያለች አንዲት ሱቅ ውስጥ ከስልጤ የመጡ ሽማግሌ አገኘሁ። ነጭ ኮፍያ አድርገው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ አልጠሩኝም፣ አልሳቁልኝም። መኪናችን መቂ እንደምትመላለስ ነገርኳቸውና አንድ ፓውዛ አነሳሁ፤ እጄን ወደ ታች ሳበው። መስታወቱን በጥፍሬ ፋቅኩት፤ ጎማውን ጎረጎርኩት፤ ከኋላው አሸተትኩት። ሽማግሌው አይተው አይተው ባልዲ ውሃ አመጡ፤ ፓውዛውን በባትሪ አበሩና እንደበራ ውሃው ውስጥ ነከሩት። ባልዲው ከውስጥ ቦግ አለ።

«ጋሼ፣ ለዓሣ መሰለዎት እንዴ የምገዛው?»

«ውሃ ያልገባውን አቧራም አይገባውም ብዬ ነው፣ ልጄ። የመቂን አቧራ አንቺ ታውቂዋለሽ?»

«ኦሪጅናል ነው?»

«ኦሪጅናል ነው ብዬ አልሸጥም። ያበራል ብዬ ነው የምሸጠው።»

እንዴ! ይበልጥ ጠረጠርኳቸው። መርካቶ ውስጥ ኦሪጅናል ነው ብሎ የማይምል ነጋዴ ገጥሞኝ አያውቅም። ወይ የዋህ ናቸው፣ ወይ ከሁሉም የባሱ ናቸው፤ የዋህ ደግሞ እዚህ አይከርምም። ግድግዳቸው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ተለጥፏል። እኔም በዚያ ጽሑፍ ሥር ቆሜ ተሟገትኩ። ብርሃኑ ደካማ ከሆነ ይለውጡልኛል፤ የሰበርኩት ወይ የነካካሁት ከሆነ አይለውጡም። በዚህ ተስማማንና ሁለት ገዛሁ።

ቤት ገብቼ ግን አንድ ነገር አደረግኩ። ለጥፍሬ ከበጠበጥኩት ሒና ላይ በክብሪት እንጨት ጨልፌ በሁለቱም ፓውዛ ማሰሪያ ውስጥ፣ ብሎኑ በሚደብቀው ቦታ፣ ትንሽ ትንሽ ነጥብ አደረግኩበት። ኤሌክትሪሺያኑ ሲገጥም በኮፒ ቢለውጥብኝስ? ማን ያውቃል! ሲደርቅ ቀይ ሆኖ ቀረ።

ፓውዛዎቹ ተገጠሙ። በማግስቱ ባለቤቴ መቂ ደርሶ መጣ። በሩ ላይ ነበር የጠበቅኩት።

«እህስ? እንዴት ነው?»

«ደክሟል» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ፓውዛዎቹን አስፈትቼ ሶማሌ ተራ ከተፍ። ሽማግሌው ክርክር አላበዙም። ከባትሪ ጋር አገናኝተው አበሩት፤ ከፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ነጭ ሆነ፤ አላፊ አግዳሚው ዓይኑን ጨፈነ። «ይሄ ነው የደከመው?» አሉኝ። «መንገድ ላይ ሌላ ነው» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ሌላ ጥንድ ሰጡኝ። እኔም እንደገና ሒናዬን ጠብ አደረግኩበት።

«ደክሟል» አለ በሚቀጥለውም ጉዞ።

አሁን ጥርጣሬዬ ወደ ኤሌክትሪሺያኑ ዞረ። ሄጄ ጮኽኩበት። «ሽቦ አቅጥነህብኛል አይደል? ወፍራሙን ለሌላ ሸጠህ ለእኔ የስልክ ሽቦ ነው የዘረጋህልኝ!» አልኩት። «ኧረ እትዬ፣ በፈጠረሽ!» ብሎ ኮፋኖውን ከፍቶ አሳየኝ። ሽቦው የጣቴን ያህላል። አላመንኩትም። ዓይኔ እያየ ፊዩዙን ከነሽቦው አስለወጥኩት፤ እስኪጨርስ ድረስ አጠገቡ ቆሜ ነው የዋልኩት።

«ደክሟል» አለ ባለቤቴ። ደግሞ ሲለው እኔን አያየኝም፤ ሻዩን ነው የሚያየው።

በዚህ መሀል ሌላ ነገር መጣ። ባለቤቴ ማርፈድ ጀመረ። ድሮ ጎህ ሳይቀድ የሚያራግፍ ሰው አሁን ፀሐይ ወጥታ፣ ቸርቻሪው ሁሉ ሸምቶ ከሄደ በኋላ ከተፍ ይላል። ሽንኩርቱን የሚረከበን ደላላ እየደወለ ይነጫነጫል። ቲማቲሙ ይጠወልጋል። አንድ ቀን ሊነጋ ሲል ደወልኩለት።

«የት ነህ?»

«ሞጆ።»

«ሞጆ ምን ትሠራለህ?»

«እየጠበቅኩ ነው።»

«ማንን?»

«እስኪነጋ ነዋ» አለኝ።

እስኪነጋ! አስታግፊሩላህ፣ በዚያች ቅጽበት ነው ሞጆ ላይ ጎጆ እንደወጣ የገባኝ። ሚስት ያለው፣ ጭነት የጫነ ሰው፣ ደላላ እየጠበቀው፣ የሰው ከተማ ቆሞ እስኪነጋ ይጠብቃል? ማንን ያታልላል? ከዚያ ወዲያ ሸሚዙን ማሽተት ጀመርኩ። ሽንኩርት ብቻ ነው የሚሸተው፤ እሱ ራሱ አስጠረጠረኝ፤ ሽቶዋን ታጥብለታለች ማለት ነው አልኩ። እንዲህ እያደረግኩ ከራሴ ጋር ስጣላ ከረምኩ። እሱ ደግሞ ዝም። ድሮም ዝምተኛ ነው፤ ያን ሰሞን ግን መርካቶ መሀል አብረን ስንሄድ ከወዛደር ሸክም ጋር ይላተምና ያ ዝምተኛ ሰው «አታይም እንዴ!» እያለ ይቆጣል። ጠባዩ ሁሉ ተለወጠብኝ። ሴት ገብታበት ነው አልኩ።

ለሁለተኛ ጊዜ ፓውዛዎቹን ታቅፌ ሶማሌ ተራ ስደርስ ሽማግሌው ከበርጩማቸው ተነሱ። ተቆጥተዋል።

«ልጄ፣ አሁንስ በዛ። እኔ ጥሩውን እሰጥሻለሁ፤ አንቺ ደካማውን ታመጪልኛለሽ። የምትለውጪብኝ አንቺ ነሽ!»

«እኔ? እኔ ነኝ ሌባ? ቆይ ላሳይዎት!» ብሎኑን ፈታሁና ማሰሪያውን ገለበጥኩት። «ይሄን ያዩታል? ሒና ነው። እኔው ነኝ የቀባሁት። የሰጡኝ ይሄንኑ ነው።»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አዩ። ከዚያ ጠመንጃ መፍቻ አነሱና የፓውዛውን ጎማ በጫፉ ገለጥ አደረጉት። ከሥሩ በምስማር የተጫረች ትንሽ ጨረቃ አለች።

«ይሄን ደግሞ እኔ ነኝ የጫርኩት» አሉ። «አንቺን ስለጠረጠርኩ።»

ተያየን። ያ ፓውዛ የእሳቸውም ምልክት አለው፣ የእኔም አለው። ማንም አልነካውም። ሳቄ አመለጠኝ፤ እሳቸውም ሳቁ፤ የጎረቤት ሱቅ ልጆች ምን ተገኘ ብለው ብቅ ብቅ አሉ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ጥያቄው አልለቀቀንም። ዕቃው ደህና ከሆነ፣ ሽቦው ደህና ከሆነ፣ እንግዲህ ምንድን ነው?

«ባልሽን ከነመኪናው ጥሪው» አሉኝ። «እሱ በተቀመጠበት ልየው።»

ባለቤቴ መምጣቱን አልወደደውም። «ተይው፣ ምን ያደርግልሻል» እያለ ቀናት ጎተተ። በመጨረሻ አንድ እሑድ፣ ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በታች መኪናዋ በምታድርበት ግቢ፣ ሽማግሌው በእግራቸው መጡ። ቀትር ነው፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። በዚያ ፀሐይ መብራት ማየት አይቻልም። ሽማግሌው መኪናዋን አንዴ ዞሯት፤ የቀኙን ጎኗን ዳሰስ አደረጉ። የተፋፋቀ ነው።

«ሸራውን ዝጉት» አሉ። «ውስጡን ሌሊት እናደርገዋለን።»

የጭነቱ ቦታ ላይ ወጣንና ሸራውን ዙሪያውን አሰርነው። በቀትር ድቅድቅ ጨለማ ሆነ፤ የሽንኩርት ሽታው ለብቻው ነው። ከመኪናዋ ባትሪ ሽቦ ስበን አንዱን ፓውዛ ከጋቢናው በኩል አስቀመጥነው። ባለቤቴና ሽማግሌው ከፓውዛው ኋላ ባዶ ሣጥን ላይ ተቀመጡ። እኔ ወዲያኛው ጫፍ ሄጄ ባዶ ጆንያ ሰቀልኩ፤ ግድግዳ እንዲሆነን።

ሽማግሌው አበሩት።

ያ ረቢ! ዓይኔ እንባ አቀረረ። የጆንያው ክር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ወለሉ ላይ የወደቀው የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎኑ ሳንቃ ላይ ያለው ዝገት፣ ምስማሩ፣ ሁሉም። ብርሃኑ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል። ይሄን ነው እንግዲህ ደክሟል ያለኝ! አሁን ፊት ለፊቱ ሄጄ ላፋጥጠው ብዬ የጎኑን ሳንቃ ተከትዬ ወደ እነሱ ተራመድኩ። ከሥሬ ባዶ ጆንያ ተነጥፏል፤ ኮቴዬ አልተሰማም። ፓውዛው አጠገብ ስደርስ ቆምኩ፤ ብርሃኑ ገና ደረቴ ላይ ነው። ቢጫ ሻሽ ነበር ያሰርኩት።

ባለቤቴ ቀጥ ብሎ ጆንያውን ያያል። ከቀኙ ነኝ። እጄን ብዘረጋ ጆሮውን እይዘዋለሁ።

«ወረደች እንዴ?» አለ።

ሽማግሌው ቀና ብለው እኔን አዩ። ከዚያ እሱን አዩ።

«ጋሼ» አለ ባለቤቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሳትመለስ አንድ ነገር ልለምንዎት። መብራቱ ኮፒ ነው ይበሏት። ሌላ ሱቅ ትፈልግ፤ ፍለጋ ትወዳለች። ትንሽ ጊዜ ይሰጠኛል።»

«የምን ጊዜ?» አሉ ሽማግሌው፤ ዓይናቸው እኔ ላይ ነው።

«እስክነግራት ነዋ። እንዴት ብዬ ልንገራት? መኪናዋን ካቆምኩ ምን እበላለሁ፣ ምን አበላታለሁ? ሞጆ ላይ እስኪነጋ ቆሜ ነው አሁን የምመጣው። እስከ ሞጆም ያለውን ቢሆን… አላህ ነው የሚነዳው፣ እኔ አይደለሁም።»

ብርሃን ውስጥ ቆሜያለሁ፤ ቢጫ አስሬያለሁ፤ ያገባኝ ሰው አያየኝም። ያቺ የመቂዋ ሴት ልጇን አዝላ የቆመችው እዚህ ነው አልኩ በሆዴ። እዚሁ፣ እኔ የቆምኩበት ቦታ ላይ።

«ልጄ፣ ዞር በል» አሉት ሽማግሌው።

ዞረ። ሲያየኝ ወደ ኋላ ተፈናጠረ፤ ሣጥኑ ተገለበጠ። ፊቱ በዚያ በጋሪዋ ጠዋት እንደነበረው አመድ መሰለ።

ሽማግሌው ሸራውን በአንድ በኩል ገለጥ አድርገው ወረዱ። «እኔ ልስገድ» ብለው ነው፤ ሰዓቱም ደርሶ ነበር። ፓውዛው እንደበራ እኛ ሁለታችን ቀረን።

ጮኽኩ። እንደዚያ ቀን ጮኼ አላውቅም። «ስንቱን ሰው አስጠረጠርከኝ! ሽማግሌ ሌባ አሰኘኸኝ! ኤሌክትሪሺያኑን ሰድቤያለሁ! ሞጆ ሚስት አለችህ ብዬ ሸሚዝህን ሳሸት ነው የከረምኩት፣ ታውቃለህ?»

«ሞጆ?» አለ። እንባ በሞላው ዓይኑ ሳቅ ቢጤ መጣበት። «እስኪነጋ እየጠበቅኩ ነው አልኩሽ እኮ።»

«ዋሽተኸኛል!»

«አልዋሸሁሽም። ደክሟል አልኩሽ።»

«መብራቱ ነዋ!»

«መብራቱ አላልኩሽም። ደክሟል ነው ያልኩት። ፓውዛ ያልሽው አንቺ ነሽ።»

በሐሳቤ ወደ ኋላ ሄጄ ፈለግኩ። አልጋው ጫፍ ላይ፣ በሩ ላይ፣ በሻዩ ላይ ያለውን ሁሉ። ደክሟል፣ ደክሟል፣ ደክሟል። አንድም ጊዜ መብራት የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም።

«ምንህ ነው የደከመው ብትይኝ ኖሮ እነግርሽ ነበር» አለኝ። «በመጣሁ ቁጥር በሩ ላይ ስትቆሚ፣ ዛሬ ትጠይቀኛለች እላለሁ። አንቺ ነጠላሽን አንስተሽ ሶማሌ ተራ ትሮጫለሽ። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ማለት ቀለለኝ።»

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፤ እሱም አጠገቤ ተቀመጠ። መርካቶ ውስጥ አንድ ነገር አልሠራ ሲል ዕቃው ነው ጥፋተኛ፤ ኮፒ ነው፣ ተለውጧል፣ ተበልተናል። ከዚህ ሌላ ማሰብ የሚባል ነገር አልተማርኩም። የሰውየው ዓይን ሊሆን ይችላል ብዬ አንድም ቀን አላሰብኩም፤ ዓይን አይለወጥማ።

«ምንህ ነው የደከመው?» አልኩት በመጨረሻ።

«ዓይኔ» አለኝ። «ፊት ለፊቴ ያለው ይታየኛል። ዳር ዳሩ ነው የሚጠፋብኝ። ሲመሽ ደግሞ ሁሉም።»

ከኪሱ የመኪናዋን ቁልፍ አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠው። ዕድሜ ልኬን ቁልፍ ስሸጥ ኖሬ እንደዚያኛው የከበደኝ የለም።

ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለን። ከዳር ጀምሮ ነው የሚበላው፣ የተበላው አይመለስም፣ የቀረውን ግን በጠብታ እንይዘዋለን አለ። እኔ የጠብታውንም ጠርሙስ አገላብጬ አየሁት፤ ኦሪጅናል ነው ወይ ብዬ ሦስት መድኃኒት ቤት ጠየቅኩ። በዚህኛው ማንም አይቀየመኝ።

መኪናዋን ሹፌር ቀጠርንባት። ሒና የነካቸው፣ ጨረቃ የተጫረባቸው ፓውዛዎች ተመልሰው ተገጠሙ። ባለቤቴ ሱቅ አብሮኝ መዋል ጀመረ። እኔ በማያይበት በኩል፣ በቀኙ እቀመጣለሁ፤ እሱ ፊት ለፊቱ ቁልፍ በቀለም በቀለም ይለያል። ሹፌሩ ከመጀመሪያው ጉዞው ተመልሶ፣ እኛ ሱቅ ከገባን በኋላ፣ ከአትክልት ተራ ደወለ። ጎህ ሳይቀድ አራግፏል። ስልኩን ዘጋሁት።

«ስለ መብራቱ ምን አለ?» አለኝ ባለቤቴ፤ እጁን ከቁልፎቹ ሳያነሳ።

«ቀን ነው የሚያደርገው አለ።»

አንድ ቁልፍ ከመሰሎቹ ጋር ጨመረ።

«ዳሩም ይታያል አለ?»

«ዳሩም» አልኩት።